ክረምት ሳይገባ ጄኔሬተራችንን እናዘጋጅ፤ ለየካና ለእንጦጦ ሥር ነዋሪዎች



ሰኔ ገብቶ ከእንጦጦ ራስ ላይ ደመና መውረድ ሲጀምር፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በቀበና፣ በሾላና በኮተቤ አካባቢ ያለ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ መብራት ይሄዳል። አንዳንዴ ለአሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ፣ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ደግሞ ለቀናት ሊሆን ይችላል። በመግሪብ ሰዓት የመስጂዱ ማይክሮፎን ይዘጋል። የውዱእ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ይቆማል። ለዓረፋ ታርዶ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠው ሥጋ መቅለጥ ይጀምራል። ኢንሱሊን የሚወስድ ታማሚ ያለበት ቤት ደግሞ ፍሪጁን እያየ ይጨነቃል።

በዚህ ምክንያት አነስተኛ ጄኔሬተር የገዛ ቤተሰብ፣ በመዋጮ ትልቅ ጄኔሬተር ያስተከለ መስጂድ በየሠፈሩ አለ። ማሽኑ በጋውን ሙሉ ተሸፍኖ ይቆይና የመጀመሪያው ዶፍ በወረደበት ምሽት ይጎተታል። ያን ጊዜ ወይ አልነሳም ይላል፣ ወይ ደግሞ ከዝናብ ይጠለል ተብሎ ኮሪደር ውስጥ ገብቶ ይነሳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። አልነሳ ያለ ጄኔሬተር በጨለማ ያሳድረናል፤ ቤት ውስጥ የተነሳ ጄኔሬተር ግን ቤተሰብ ይገድላል። በዚህ ጽሑፍ ማሽኑን እንዴት እንደምንመርጥ፣ የት እንደምናስቀምጥ፣ ከቤቱ መስመር ጋር እንዴት እንደምናገናኝና ከክረምት በፊት ምን ምን እንደምንፈትሽ በቅደም ተከተል እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

መብራቱ በክረምት ለምን ይጠፋል?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ታዲያ ይህን ያህል ኃይል እያለ የእኛ ሠፈር ለምን ይጨልማል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። መልሱ ማመንጨትና ማከፋፈል የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ላይ ነው። ኃይሉን የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ወደየቤታችን የሚያደርሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በከተማችን ከማከፋፈያ ጣቢያ ተነስቶ እስከ ሠፈር ትራንስፎርመር የሚመጣው መስመር 15 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ትራንስፎርመሩ ይህንን ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። የክረምት ብልሽት በአብዛኛው የሚያጋጥመው ከግድቡ ርቆ፣ በዚህ በመጨረሻው መንገድ ላይ ነው።

በእንጦጦ ሥር ያሉ ሠፈሮች ደግሞ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ተራራውን የሸፈነው ባህር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ በአጼ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋ ዛፍ ነው። ቶሎ ይረዝማል፤ አፈሩ በዝናብ ሲርስና ንፋስ ሲበረታ ቅርንጫፉ ይሰበራል ወይም ከነሥሩ ይወድቃል። ሽቦ ላይ ሲያርፍ መስመሩን የሚጠብቀው መሣሪያ ኃይሉን ያቋርጣል። መብረቅ፣ በጎርፍ ሥሩ የታጠበ ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ሲጨመሩበት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ይህ ችግር በአንድ ክረምት የሚያልቅ ስላልሆነ መዘጋጀቱ ብልህነት ነው።

ስንት ዋት ያስፈልገናል?

ጄኔሬተር ከመግዛታችን በፊት መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች ወረቀት ላይ እንጻፍ። አንድ ኤልኢዲ አምፖል 10 ዋት ገደማ ይወስዳል። ዋይፋይ 15፣ ቴሌቪዥን 100፣ ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት አካባቢ ይበላል። ሞተር ያለበት ዕቃ ሁሉ ግን ሲነሳ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ይህ ፍሪጅ ለጥቂት ሰከንዶች እስከ 900 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። 1 የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ ፓምፕ ሲሠራ 1,000 ዋት ገደማ፣ ሲነሳ ደግሞ ከ2,000 ዋት በላይ ይፈልጋል።

የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ፣ የውሃ ማሞቂያና ስቶቭ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1,500 ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። እነዚህ ሦስቱ በአነስተኛ የቤት ጄኔሬተር የሚሠሩ አይደሉም። እንጀራው መብራት ባለበት ቀን ይጋገር፤ ጄኔሬተሩ ለአምፖል፣ ለፍሪጅ፣ ለስልክና ለሕክምና መሣሪያ ይቅር። ቤታችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመርት መሣሪያ የሚጠቀም ታማሚ ካለ ዋቱ ከጀርባው ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ እናስገባው።

ገበያ ላይ ኬቪኤ ተብሎ የሚጻፈውንም እንወቅ። የኬቪኤውን ቁጥር በ0.8 ስናባዛ በግምት የኪሎ ዋቱን መጠን እናገኛለን፤ ስለዚህ 10 ኬቪኤ የሚል ጄኔሬተር የሚሰጠው 8 ኪሎ ዋት ነው።

ከፍታው ጉልበት ይቀንሳል

ብዙ ገዢ የማያውቀውና ሻጭም የማይናገረው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ዋት የሚለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም በአንድ ጊዜ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጠፋል የሚል ነው።

የየካ ሠፈሮች በአብዛኛው 2,400 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በ2,500 ሜትር ላይ የሚጠፋው ጉልበት ወደ 29 በመቶ ይጠጋል። 3,000 ዋት ተብሎ የተገዛው ማሽን እኛ ሠፈር ሲደርስ ወደ 2,100 ዋት ዝቅ ይላል ማለት ነው። ያው ማሽን 1,200 ሜትር ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ ወደ 2,600 ዋት ይሰጥ ነበር። ድሬዳዋ ያለ ዘመድ "የእኔ ፓምፕ ያስነሳል" ብሎ የመከረን ጄኔሬተር የካ ላይ ሲያቃስት ብናገኘው ዕቃው የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ከዝርዝራችን ድምር ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ሳይሆን ግማሽ ያህል ጨምረን ብንገዛ የጠፋውን ጉልበት ይተካልናል። ቱርቦ ያላቸው ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ከፍታ የሚቀንስባቸው ጉልበት ከዚህ ያነሰ ነው።

በስስ አየር ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበዛ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል። ለከፍታ ቦታ የሚሆን የካርቡሬተር ቀዳዳ የሚቀየርላቸው ማሽኖች ስላሉ ስንገዛ እንጠይቅ።

የት እናስቀምጠው? የሕይወት ጉዳይ

የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል፤ ቀጥሎ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ይወድቃል። ተኝቶ የነበረ ሰው ምልክቱን ሳያይ ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊያልፍ ይችላል። በክረምት ብርድ ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። ጄኔሬተር በሳሎን፣ በኮሪደር፣ በማድቤት፣ በጋራዥ፣ በኮንዶሚኒየም በረንዳም ሆነ በደረጃ ሥር አይነሳም። መስኮት መክፈትና በር ገርበብ ማድረግ በቂ መከላከያ አይሆንም። ከማንኛውም በርና መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የማርሚታው አፍ ወደ ውጭ ዞሮ መቀመጥ አለበት። እዚህ ላይ የምንቆጥረው የራሳችንን መስኮት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤታችንም መስኮት ከስሌቱ ይገባል። በራስም ሆነ በሌላው ላይ ጉዳት ማድረስ በዲናችን የተከለከለ ነው፤ የጎረቤት ሐቅም የታወቀ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ እሳት ሳይጠፋ ትተን እንዳንተኛ ያስተማሩንን ትምህርት ለጄኔሬተርና ለከሰልም ብናውለው ሕይወት እናተርፋለን። ቤተሰቡ ሲተኛ ጄኔሬተሩ ይጥፋ።

ሰው ማሽኑን ቤት የሚያስገባው በሁለት ምክንያት እንደሆነ እናውቃለን፤ ዝናብና ሌባ። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው። ለዝናቡ አራት ቋሚ ላይ የቆመ፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ይበቃል፤ ጣሪያው ሞተሩ እንዳያግለው ከፍ ይበል። ከሥሩ ብሎኬት ደርድረን ወይም ሲሚንቶ አፍስሰን ከመሬት ከፍ እናድርገው፤ በተዳፋት ላይ ያለ ጊቢ ከሆነ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ እንዳይነካው ቦይ ይውጣለት። ለሌባው ደግሞ ሲሚንቶው ውስጥ የተቀበረ የብረት ቀለበትና ወፍራም ሰንሰለት፣ ወይም አየር የሚያሳልፍ የብረት ሳጥን ይሠራለት።

ጊቢያችን ጠባብ ሆኖ 6 ሜትር የማይገኝ ከሆነስ? ብዙ ተከራይ በአንድ ጊቢ ተጠጋግቶ በሚኖርባቸው ሠፈሮቻችን ይህ የተለመደ ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ጊቢ ለጄኔሬተር አይሆንም። ገንዘቡን ከታች ወደምንገልጸው ባትሪ ብናዞረው ይሻላል።

አንድ ሰው በጭሱ ከተመረዘ ፈጥነን ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፤ ስናወጣው እኛም እዚያው እንዳንቆይ። ወተትም ሆነ ሎሚ ጋዙን ከደም አያወጣም፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውለን ወይም በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል እንውሰደው። በየካ ክፍለ ከተማ የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታልና ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አሉ።

ከቤቱ መስመር ጋር እንዴት ይገናኝ?

ሁለቱም ጫፉ ላይ መሰኪያ ያለው ገመድ ሠርቶ አንዱን ጄኔሬተር ላይ፣ ሌላውን የግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት የሚታይ ልማድ ነው። ቤቱ በሙሉ ስለሚበራ ቀላል መንገድ ይመስላል። አደጋው ግን ከቤቱ ውጭ ነው። ዋናው ብሬከር ሳይጠፋ ከቀረ ከጄኔሬተራችን የወጣው 220 ቮልት በቆጣሪያችን በኩል ወደ ሠፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ ያንን ወደ 15 ሺህ ቮልት ሊያወጣው ይችላል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰ ሽቦ የሚጠግነው ሠራተኛ መስመሩ ሙት ነው ብሎ ሲነካው ይሞታል። መብራት ሊመልስልን በዝናብ የወጣ የሰው ልጅ፣ የልጆች አባት ነው። መብራቱ በድንገት ሲመለስ ደግሞ ሁለቱ ኃይሎች ተጋጭተው ጄኔሬተሩን ያቃጥሉታል፤ ቤቱም ሊቀጣጠል ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ዕቃዎቹን በኤክስቴንሽን ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ጋር ማገናኘት ነው፤ ገመዱ የውጭ ዓይነት፣ ውፍረቱም ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ መጋጠሚያው ውሃ ውስጥ አይተኛ። ሁለተኛውና የሚሻለው ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሽያን ቼንጅ ኦቨር ማስገጠም ነው። ይህ ማብሪያ ቤቱን ወይ ከመብራት ኃይል ወይ ከጄኔሬተር ጋር ብቻ ያገናኛል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማገናኘት አይችልም። የመሬት ዘንግም በዚያው ይቀበርለት። ውዱእ አድርገን እጃችን ሳይደርቅ ማሽኑንም ሆነ ገመዱን አንንካ።

ከክረምት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብንመድብ ይበቃናል።

ዘይት፦ መጠኑን እንይ፤ ጠቁሮ ከሆነ እንቀይር። አዲስ ማሽን ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ዘይቱ ይቀየርለታል። ዘይት ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ ማሽን ስላለ "አልነሳም አለ" ከማለታችን በፊት ዘይቱን እንመልከት።

ፊልትሮና ካንዴላ፦ የአየር ማጣሪያው በጋውን በጠጣው አቧራ ከተደፈነ ይታጠብ ወይም ይቀየር። ካንዴላው ተፈቶ ጥላሸቱ ይወልወል፤ ትርፍ አንድ ካንዴላም ቤት ይኑር።

ካርቡሬተር፦ ጄኔሬተር አልነሳ የሚልበት ዋናው ምክንያት ውስጡ የቆየ ቤንዚን ነው። ቤንዚን ከወራት በኋላ ይበላሻል፤ ሙጫ መሳይ ዝቃጭም ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የቆየውን እናፍስሰው። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ የነዳጁን መክፈቻ ዘግተን ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ብናሠራው ካርቡሬተሩ ደርቆ ይቀመጣል።

ባትሪ፦ በቁልፍ የሚነሳ ከሆነ ባትሪው ይለካ፤ ሥራ ሳይሠራ የቆየ ባትሪ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይገኛል።

ሙከራ፦ በወር አንድ ጊዜ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ አምፖልና ፍሪጅ ጭነንበት እናስነሳው። ያለ ጭነት ብቻ የሚፈተን ማሽን እውነተኛ አቅሙን አያሳይም።

ነዳጅ

አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር በመካከለኛ ጭነት በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ለአንድ ምሽት አምስት ሰዓት 5 ሊትር ማሰብ ነው። በጀሪካን መቅዳት ላይ ቁጥጥር ስላለ ዝናቡ ከመጣ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድመን ማደያው የሚጠይቀውን እንወቅ። ነዳጁ ጥብቅ ክዳን ባለው ጀሪካን፣ ከመኖሪያ ክፍልና ከማድቤት ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ማሽኑ ሲግል በፍጹም አይቀዳበትም፤ አጥፍተን ቢያንስ 15 ደቂቃ እናብርደው። በሻማ ብርሃን ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ካየን እጁን እንያዘው። እሳት ከተነሳ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

መብራት ሲጠፋና ሲመለስ

ነጎድጓድ ሲቀርብ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒዩተርና ፍሪጅ ከሶኬት ይነቀሉ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ጄኔሬተሩ ያለ ጭነት ይነሳ፤ ድምፁ ሲስተካከል መጀመሪያ ፍሪጁ፣ ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይጫኑ። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ለጥቂት ደቂቃ ታግሰን እንቀይር።

ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ መሥራት የለበትም። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ እስከ 4 ሰዓት ይቀዘቅዛል። የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። በ2016 ዓረፋ የዋለው ሰኔ 9፣ በ2017 ደግሞ ግንቦት 29 ነበር፤ በነዚህ ዓመታት የኡዱሒያ ሥጋ ፍሪዘር የሚሞላው ልክ በክረምቱ መግቢያ ነው። በሩን አለመክፈት ከብዙ ሊትር ቤንዚን ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ሥጋው ቶሎ ለሚገባቸው መድረሱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ የክፍል ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ በእንጦጦ ሥር ብርድ ለአንድ ሌሊት መደናገጥ አያስፈልግም፤ ስለራሳችን መድኃኒት ግን ፋርማሲውን እንጠይቅ።

ለመስጂድ ኮሚቴዎች

የመስጂድ ጄኔሬተር የጀመዓው አማና ነው። የሁሉም ነው ሲባል ኃላፊ የሌለው ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ቁልፉን የሚይዙ፣ ማስነሳትና ማጥፋት የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች በስም ይታወቁ። የሠራበት ሰዓት፣ የገባው ነዳጅና ዘይት የተቀየረበት ቀን በደብተር ይጻፍ፤ ለነዳጅ የተሰጠ ሶደቃ ለነዳጅ መዋሉን ሰው እንዲያይ ሒሳቡ ይለጠፍ። ጭሱ ወደ ሴቶች መስገጃ፣ ወደ ቁርኣን ሒፍዝ ክፍልና ወደ ምድር ቤት እንዳይገባ ቦታው በጥንቃቄ ይመረጥ። ሙአዚኑ ለፈጅር በጨለማ ማሽን እንዳይጎትት ማይክሮፎኑ አነስተኛ ባትሪ ይኑረው። ፓምፑም መብራት ባለበት ሰዓት ሮቶውን ሞልቶ ይጠብቅ፤ የተሞላ ሮቶ ለውዱእ ከጄኔሬተር የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ጄኔሬተር ለሌለው ቤት

12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ያለው አንድ ባትሪና አነስተኛ ኢንቨርተር ስድስት አምፖል፣ ዋይፋይና የስልክ ቻርጀር ለአምስት ሰዓት ያህል ያሠራሉ። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ነዳጅ አይፈልግም። መብራት ሲመጣ ራሱን ይሞላል፤ አሲድ ያለው ባትሪ ግን ሲሞላ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። የሶላር መብራት ያላቸው ቤቶች በሐምሌና በነሐሴ ደመና በበጋ እንደሚሞላው ያህል ስለማይሞላ ቀኑን ሙሉ ደጅ ያውሉት። ሻማ የሚጠቀም ደግሞ ሳይተኛ ያጥፋው።

ጎረቤታችን ጄኔሬተር ከሌለው ስልኩን ቻርጅ ማድረግ፣ የታመመ ሰው መድኃኒት በእኛ ፍሪጅ ማስቀመጥ ትንሽ የማይባል ኸይር ነው።

የሠፈራችን መስመር ላይ የተጠጋ ዛፍ፣ ያዘመመ ምሰሶ ወይም ዝቅ ያለ ሽቦ ካለ ክረምቱን ሳንጠብቅ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 እናሳውቅ። የወደቀ ሽቦ ካየን መብራት ቢጠፋም አንቅረበው፤ ልጆችንም እናርቅ።

ሰበቡን አድርሶ በአላህ ላይ መመካት የአማኝ መንገድ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ክረምቱን የረሕመት ዝናብ ያድርግልን፤ ቤታችንንና በዝናብ መስመር የሚጠግኑትን ወንድሞቻችንን ከአደጋ ይጠብቅልን። አሚን።